ከግድቡ በታች ላሉት የተሰጠ መልስ

አንድ ላቀው የሚባል የግድብ መሐንዲስ ነበር። የሚጠብቀው የአፈር ግድብ ከአንዲት ከተማ በላይ ነው፤ እናቱም እዚያችው ከተማ ይኖራሉ።

በክረምት ግድቡ ጢም ብሎ ሞላና ከሥሩ ውሃ ታየ። ከተማው ተሸበረ። የሬዲዮ ጋዜጠኛዋ ምንትዋብ ማይክሮፎኗን ይዛ መጣች።

«ኢንጂነር፣ ይፈርሳል ወይ?»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። ከአፈር የተሠራ ግድብ ሁሉ፣ ጤነኛውም ሳይቀር፣ ትንሽ ውሃ ያሳልፋል። የሚያስፈራው ውሃው ሲጨምር ወይም አፈሩን እየሸረሸረ ሲደፈርስ ነው። ላቀው ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ ግን እንደ ሙያ ጓደኞቹ «ፈጽሞ» የሚለውን ቃል ይፈራል። ስለዚህ «ፈጽሞ አይፈርስም ማለት አልችልም» ብሎ ጀመረና ስለ አፈሩ፣ ስለ ግፊቱ፣ ስለ ማጣሪያው ረጅም ማብራሪያ ሰጠ።

በዜናው የተላለፈችው ያቺ የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነች። ወዲያው መንገዱ ፍራሽ በተሸከመ ሰው ተሞላ። ጭቃው ውስጥ የወደቁ አዛውንቶችም ነበሩ።

ላቀው ለምንትዋብ ስልክ ደወለ። «አንቺ ልጅ፣ ከተማውን በሙሉ አስወጣሽው እኮ። ሌላውን ንግግሬን የት ጣልሽው?»

«ሌላው አልገባኝማ፣ ጋሼ። ያልገባኝን ለሰው ምን ብዬ ላውራ?» አለች ምንትዋብ። «አሁኑኑ በቀጥታ ስርጭት ላስገባዎት። እናትዎ እዚሁ ከታች አይደሉ? ደውለው ‹ልውጣ ወይ?› ቢሉዎት ምን ይሏቸዋል?»

ላቀው እሺ አለ። ከዚያ በሬዲዮ ተሰማ።

«እማዬ፣ ከቤትሽ አትውጪ። ግድቡ ደህና ነው። ከሥሩ የሚወጣው ውሃ ጥርት ያለ ነው፤ አልጨመረም። ጠዋትና ማታ እንለካዋለን። ከጨመረ ወይም ከደፈረሰ በዚሁ ሬዲዮ ‹ውጪ› የምልሽ እኔው ነኝ።»

«ነገ ዝናቡ ቢበረታስ?» አለች ምንትዋብ።

«የነገውን አላውቅም። ጠዋት ለክቼ እናገራለሁ።»

መንገድ ዳር ሬዲዮ ከበው ከቆሙት አንዷ ሴት ፍራሿን አወረደች። «እናቱን ከግድቡ ሥር አስቀምጦማ አይዋሽም» ብላ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ሌሎቹም ተከተሏት።

ላቀው ሁለቱንም ጊዜ እውነት ነው የተናገረው። መጀመሪያ ግን በልቡ የነበሩት ሊተቹት የሚችሉ መሐንዲሶች ናቸው፤ በኋላ አንዲት የፈሩ እናት። ባለሙያ ሆይ፣ ከማይክሮፎኑ ወዲያ አንተን ሰምቶ ልጁን አዝሎ የሚወጣ ወይም የሚቀመጥ ሰው አለ። መልሱን አስቀድምለት፣ ምክንያቱን በሚገባው ቋንቋ አስከትል፣ የማታውቀውንም አላውቅም በለው።

እናንተስ ስለ ሙያችሁ ስትጠየቁ፣ ማንን እያሰባችሁ ነው የምትመልሱት?