በዕጣ የተከፈለው ቦይ

ልጄ ፋንታነሽ፣ እናንተም አብራችኋት የመጣችሁት የምክር ቤት አባላት፣ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የጠየቃችሁኝ የቁም ነገር ነው፤ እኔ ደግሞ የምመልሰው በተረት ነው። ሰው ምክር ፈልጎ ሲመጣ ተረት ሰጥቶ መሸኘት ነውር መሆኑን አላጣሁትም። ነገር ግን ሌላ የምሰጠው የለኝም፤ ጥናት አላጠናሁም፣ ሥልጠና ላይ ተቀምጬም አበል በልቼ አላውቅም። ጥፋቱን ለዕድሜዬ አድርጉልኝ።

ያልሽው እንዲህ ነው። ለከተማችን ከፌደራል መንግሥት የማነቃቂያ ድጎማ መጥቷል፤ ከገበያው እስከ ጤና ጣቢያው መንገድ እንዲሠራበት። ስድስቱም ቀበሌዎች ግን ድርሻችን ይሰጠን ብለው ተነሥተዋል። ለሁሉም እኩል ከማካፈል የተሻለ ፍትሕ አለ ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ።

እንግዲህ አንድ ከንቲባ ነበረ። ሌባ አልነበረም። ይህን ከአሁኑ የምናገረው፣ የከንቲባ ወሬ ሲጀመር ሰው ሁሉ ሌብነቱ የሚመጣበትን ቦታ ስለሚጠብቅ ነው፤ አይመጣም፣ አትጠብቁ። የሰው ሳንቲም የማይነካ፣ ማንንም ማስቀየም የማይወድ ሰው ነበር። ችግሩም የተጀመረው ከዚሁ ነው።

ከተማዋ ተዳፋት ላይ ነበረች። አራት ቀበሌ አላት፤ አንዱ ከአንዱ በታች፣ እንደ ደረጃ። ክረምት ሲገባ የተራራው ጎርፍ ከላይኛው ቀበሌ ይነሣና አራቱንም አቋርጦ ታች ወንዙ ውስጥ ይገባል። የታችኛው ቀበሌ ዳር ላይ አንዲት በርበሬ ነጋዴ ትኖር ነበር። አባቷ ከአልጋ የማይነሣ ሽማግሌ ነው። በየዓመቱ ሐምሌ ሲደርስ ጎርፉ ቤቷ ይገባና በርበሬዋን በጥብጦ፣ ወጥ የመሰለ ነገር ሠርቶ ይወጣል። እሷም የአባቷን አልጋ ድንጋይ ላይ ታቆማለች። አንደኛው የጭቃ ግድግዳ ወድቋል። የቀረው ከወደቀ ጣሪያው የሚያርፈው ሽማግሌው ላይ ነው። ይህን እሷ ታውቃለች፣ ቀበሌውም ያውቃል፤ ደብዳቤ ተጽፎ፣ ማኅተም ተመቶበት፣ ፋይል ውስጥ ገብቷል።

በዚያ ዓመት ገበያው ቀዘቀዘ፤ ወጣቱ ሥራ አጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ዋለ። የፌደራል መንግሥት የሚጠቅም ነገር ሥሩ፣ ሰውም ሥራ ያግኝ ብሎ ድጎማ ላከ። ገንዘቡ ከተራራው ሥር እስከ ወንዙ የሚደርስ አንድ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ያሠራል፤ አይተርፍም፣ አይጎድልም። አንድ መሐንዲስ ወጣ ወረደ፣ ለካ፣ ንድፉን ሠራ። ቦዩ ከላይ ጠባብ ሆኖ ይጀምራል። ከየቀበሌው ውሃ እየተጨመረበት ስለሚሄድ እየሰፋ ይወርዳል፤ ወንዙ ጋ ሲደርስ በሬ ከነቀንዱ ያሳልፋል። በርበሬ ነጋዴዋ ወረቀቱን ሲያሳዩዋት ምንም አልገባትም፤ መስመሩ ከቤቷ አርባ እርምጃ ርቆ እንደሚያልፍ ሲነግሯት ግን መሐንዲሱን ቆማ መረቀችው።

ከዚያ አቤቱታ መጣ። የላይኛው ቀበሌ ሰዎች፣ ለታችኞቹ ሰፊ ለኛ ጠባብ የሆነው ግብር የማንከፍል ሆነን ነው ወይ አሉ። የመካከለኞቹም እኛ ከማን አንሰን አሉ። የታችኛው ቀበሌ ሊቀ መንበር ሳይቀር፣ ሌላው ሁሉ ሲናገር ዝም ማለት ያስንቃል ብሎ አቤቱታ አስገባ። ከንቲባው ምሳ መብላት አቃተው።

በከተማዋ ውስጥ ቅርጫ በመመደብ የታወቁ አንድ አዛውንት ነበሩ። ለበዓል በሬ ሲታረድ ሥጋውን መደብ መደብ አድርገው የሚያካፍሉት እሳቸው ናቸው። አርባ ዓመት ሲመድቡ ጉበት ጎደለብኝ ያለ ሰው አልተገኘም። ከንቲባው አስጠራቸው። አዛውንቱ ንድፉን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ ወዲያም ወዲህም አዙረው አዩትና ይህማ ቀላል ነው አሉ። መቀስ አስመጡ። ንድፉን እኩል ለአራት ቆረጡት። ማን የቱን ይወስዳል ሲባል በቅርጫ ደንብ ነዋ፣ በዕጣ አሉ። ከየቀበሌው አንዳንድ ምልክት ተሰበሰበ፦ ቁልፍ፣ ጠጠር፣ ቅጠል፣ የቢራ ቆርኪ። የትኛው የማን እንደሆነ የማያውቅ መንገደኛ ከውጭ ተጠርቶ በየቁራጩ ላይ ጣለ።

መሐንዲሱ እጁን አውጥቶ፣ ውሃ ዕጣ አያውቅም፣ ከላይ ወደ ታች ነው የሚሄደው አለ። አዛውንቱ የተማረ መሆኑን እንደሚያከብሩለት፣ ዕጣ ግን የፈጣሪ መሆኑን ነገሩት። በቃለ ጉባኤውም ላይ “አስተያየቱ በግብዓትነት ተወስዷል” ተብሎ ተጻፈለት።

ዕጣው እንዲህ ወጣ። ወንዙ አጠገብ ሊሠራ የታሰበው ሰፊው ክፍል ለላይኛው ቀበሌ ደረሰ። ተራራው ሥር ሊሠራ የታሰበው ጠባቡ መነሻ ለታችኛው ደረሰ። ሁለቱ መካከለኞችም ተቀያየሩ። እያንዳንዱ ቀበሌ የደረሰውን ቁራጭ በራሱ ክልል ውስጥ፣ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ላይ ሠራ። ሥራው ሥራ ነበር፤ ድንጋዩ የተጠረበ፣ ሲሚንቶው ያልተሰረቀ። የታችኛው ቀበሌ ቦይ በርበሬ ነጋዴዋ ደጃፍ ላይ አለቀ፤ የተመደበለት ሜትር እዚያ ስላለቀ። ግንቦት ላይ አራት ሪባን ተቆረጠ። ሪፖርቱም “ዕቅድ፦ አንድ ቦይ። ክንውን፦ አራት ቦይ። አፈጻጸም፦ አራት መቶ በመቶ” አለ። ለከተማዋ ዋንጫ ተሰጣት።

ሐምሌ ገባ። ላይኛው ቀበሌ ያለው ሰፊ ቦይ መውጫ ስለሌለው ሞላና ኩሬ ሆነ። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ዝናቡ ሲበረታ ገንፍሎ ወረደ። በየመካከሉ ቦይ በሌለበት እየተበተነ፣ ቦይ ባለበት እየተሰበሰበ ታች ደረሰ። ድሮ ጎርፉ የሴትዮዋን ቤት የሚያገኘው ፈልጎ ነበር፤ አሁን መንገድ ተሠርቶለታል። ድምፁን ስትሰማ አባቷን በጀርባዋ አዝላ ወጣች። ሃያ እርምጃ ሳትርቅ ግድግዳው ተናደ፤ ጣሪያው መጥቶ ባዶው አልጋ ላይ ተኛ።

ሴትዮዋ ወደ ጎረቤት አልሄደችም። ሽማግሌውን እንዳዘለች ዳገቱን ወጣች፤ ማዘጋጃ ቤት ገባች። በአዳራሹ ውስጥ የዓመቱ አፈጻጸም እየተገመገመ ነበር፤ የቅርጫው አዛውንትም በክብር እንግድነት ከፊት ተቀምጠዋል። አባቷን ከወንበር ወንበር ስታማርጥለት አልቆየችም፤ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ፣ በታሸገው ውሃ መካከል አስተኛችው። ጭቃው ከነጠላዋ ይንጠባጠባል። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

“ክቡር ከንቲባ፣ ቦዩን ስትካፈሉ ለቀበሌያችን ጠባቡ ሲደርስ ዕጣችን ነው ብዬ ዝም አልኩ። ጎርፉ ግን ሳይመደብ መጣ። የአራቱም ቀበሌ ውሃ ያለው እኔ ቤት ነው። የኔ ድርሻ ሩብ ነው፤ የቀረውን ባለቤቶቹ መጥተው ይውሰዱልኝ። አባቴንም መድቡልኝ። ቤት የለውም፤ በየቀበሌው ተራ ይደር።”

ከንቲባው ጥያቄዋ ከእኩልነት መርሕ ጋር የሚሄድ ሆኖ ስላገኘው ላብ አጠመቀው። ሁሉም ዞረው የቅርጫውን አዛውንት አዩ። ጠረጴዛው ላይ የተኛው ሽማግሌ የልጅነት ጓደኛቸው ኖሯል፤ አንገቱን ቀና አድርጎ፣

“ስማ እንጂ፣ ሽንጤን ለማን ልታደርሰው ነው?” አላቸው።

አዛውንቱ አልሳቁም። ከመቀመጫቸው ተነሥተው እንዲህ አሉ፦

“ቅርጫ የሚገባው የታረደ በሬ ነው። ቆሞ የሚያርሰውን በሬ ለአራት የከፈለ ሰው ሥጋ ይደርሰዋል፤ እርሻው ግን ጦም ያድራል። እኔ ያንን ቦይ በመቀስ አርጄዋለሁ።”

ከዚያ በኋላ የሆነው ብዙ አያስወራም። ገንዘቡ አልቋል። ሽማግሌውን ከአዳራሹ ለማስወጣት የደፈረ ስላልነበረ ክረምቱን እዚያው ከረመ፤ ምክር ቤቱ ኮሪደር ላይ ቆሞ ተሰበሰበ። ቆሞ የሚሰበሰብ ሰው ደግሞ ቶሎ ይወስናል። መስከረም ላይ የየቀበሌው ሰው ዶማና አካፋ ይዞ ወጣ። የላይኛው ቀበሌ ሰዎች ብቻ አስቸገሩ፤ ሰፊውን ቦይ ወደውት ነበር፣ ሙሽሮችም ፎቶ ይነሡበት ጀምረዋል። በመጨረሻ ድንጋዩን ፈልቅቀው በትከሻቸው ወደ ታች አወረዱት። ከተራራው እስከ ወንዙ አንድ ቦይ ሆነ። በዚያ ዓመት ሪፖርት ላይ የቦዮች ቁጥር ከአራት ወደ አንድ ዝቅ ብሏል ተባለ፤ ዋንጫውም ተመለሰ።

እንግዲህ ልጄ፣ ያ ቦይ ያንቺ መንገድ ነው። ጤና ጣቢያ የሚያደርስ መንገድ ለስድስት ቢከፈል ስድስት መንገድ አይወጣውም፤ ምጥ የያዛት ሴት ስድስት ጊዜ ከቃሬዛ የምትወርድበት ጭቃ ይሆናል። ድጎማው ሥራ ሊሠራ የመጣ በሬ ነው፤ ቀበሌዎቹ ቢላ ስለው እየጠበቁት ነው። ለማን ስንት ሜትር ደረሰው ብለሽ አትጀምሪ። ይህ መንገድ ባይደርስ የሚሞተው ማን ነው ብለሽ ጀምሪ፤ ከዚያ ሰው ደጃፍ ተነሥተሽ እስከ ጤና ጣቢያው ሳትቆርጪ ሂጂ። መንገዱ በደጃፉ ያላለፈ ቀበሌ ያኮርፍሻል። ያኩርፍ። ያኮረፈ ሰውም ሲታመም በዚያው መንገድ ይሄዳል።

ይህን የነገርኳችሁን ግን፣ በምትወዱት ይዣችኋለሁ፣ ለማንም አትድገሙት። በተለይ ክልል ጆሮ እንዳይደርስ። ምርጥ ተሞክሮ ነው ብለው ይቀምሩትና፣ በየከተማው አንዳንድ አልጋ የያዘ ሽማግሌ ጠረጴዛ ላይ እንዲተኛ ሰርኩላር ያወጣሉ።