የአያ ጅቦ የጥድ ትምህርት

ይህን ተረት ለመንገር ስነሣ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ቁም ነገረኛ ሰው ስለ ነገሥታት ያወራል፤ እኔ የማወራው ስለ ዛፍ ልጣጭ ነው። ደግሞም በተረቱ ውስጥ አንድ የተማረ ጅብ ስላለ የተማሩት ሁሉ እንዳይቀየሙኝ እሰጋለሁ። ቢቀየሙም አልፈርድባቸውም። ግን ምን ላድርግ፣ ነገሩ አፌ ላይ መጥቷል።

አንድ ጊዜ አያ አንበሶ ምሳውን በልቶ ከጥድ ጥላ ሥር ጋደም ቢል፣ ሌላ አውሬ ግጦ የጣለው አጥንት ጎኑን ወጋው። ተቆጥቶ ተነሣና አዋጅ አስነገረ። ከእንግዲህ ከጥድ ሥር የተጠለለን ማንም እንዳይነካ፣ የነካም ከአገር እንዲባረር። አዋጅ ነጋሪው ዝንጀሮ ነገሩን «የርኅራኄ አዋጅ» ብሎ ለፈፈው። ስለ አጥንቱ ግን አላነሣም።

ከዚያ ወዲህ ጥድን ከሌላ ዛፍ መለየት የነፍስ ጉዳይ ሆነ። በዚያ አገር ጥድና ዝግባ ጎን ለጎን ነው የሚበቅሉት፤ ሁለቱም ረጃጅም፣ ሁለቱም ክረምት ከበጋ አረንጓዴ ናቸው። ስለዚህ ድኩላም ጥንቸልም ልጆቻቸውን ጡት ሳያስጥሉ ምልክቱን አስጠኑ። ጥድ ልጣጩ እንደ ልጥ በረጅሙ ይላጣል፤ ቅጠሉ ደቃቅ ነው፣ ቅርንጫፉ ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቦ ይለጠፋል፤ ፍሬው ጥቃቅንና ጠቆር ያለ ሰማያዊ ነው። ዝግባ ግን ቅጠሉ ጠፍጣፋና ጠባብ፣ ጫፉ የሾለ፣ ፍሬውም ድብልብል አረንጓዴ ነው። ይህን ያላጠና ጅብ ብቻ ነበር። እሱ ያባርራል እንጂ የሚያባርረው ስለሌለ መጠለያ አስፈልጎት አያውቅም።

ችግር የገጠመው ካባረረ በኋላ ነው። እመት ዳልቻ የምትባል አንዲት አህያ ነበረች። ጅብ በደረሰባት ቁጥር ካገኘችው ዛፍ ሥር ትቆምና «ጥድ ነው» ትለዋለች፤ እሱም ምራቁን ውጦ ይመለሳል። አንድ ቀን ከባሕር ዛፍ ሥር ቆማ ጥድ ነው ብትለው አመስግኗት ሄደ። አገሩ ሁሉ ሳቀ። ሳቁ ዘግይቶም ቢሆን ለጅብ ደረሰው፤ ያን ጊዜ ወደ ቀበሮ ሄዶ በግንባሩ ተደፋ።

«የኔታ፣ ጥድን ያስተምሩኝ። እመት ዳልቻን የበላሁ ቀን ሳንባዋ ለእርስዎ ነው።»

ቀበሮ ዐይኑን ጨፍኖ አሰበ። ጅብ አህያይቱን ከእውነተኛው ጥድ ሥር ቢገድላት ይባረራል፤ ያን ጊዜ ሳንባው ብቻ ሳይሆን ሙሉዋ አህያ ለአስተማሪው ትቀራለች። ስለዚህ ትምህርቱን ገልብጦ ሰጠው።

«ቅጠሉ ጠፍጣፋ፣ ፍሬው ድብልብል ከሆነ እሱ ጥድ ነው፤ ድርሽ እንዳትል። ልጣጩ እንደ ልጥ የሚላጥ፣ ፍሬው ሰማያዊ ከሆነ ግን ዝግባ ነው፤ ያለ ሐሳብ ብላ።»

ጅብ እየተወዛወዘ ቀኑን ሙሉ አነበነበው። ከሩቅ የሰሙት ከብቶች መነኮሰ ብለው ደስ አላቸው።

ጭጋግ በወረደበት አንድ ጠዋት ጅብ እመት ዳልቻን ከሜዳው ላይ አስነሣት። ሮጣ ሮጣ ከአንድ ትልቅ ጥድ ሥር ገባች። ጅብ እንደ ወትሮው አልተመለሰም። ቀስ ብሎ መጣ፤ ልጣጩን በጥርሱ ሳብ አደረገ፣ ፍሬውን አኝኮ ተፋ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እመት ዳልቻ፣ አዝናለሁ። ይህ ዝግባ ነው።»

እመት ዳልቻ ቀና ብላ አየች። እናቷም የተጠለለችበት ጥድ ነው። ልጣጩን አሳየችው፤ እሱ ይላጣል፣ ዝግባ ነው አላት። ፍሬውን አሳየችው፤ ሰማያዊ ነው፣ ዝግባ ነው አላት። ያን ጊዜ አዋጁ እንደማያድናት ገባት፤ ተርጓሚው ራሱ በላተኛው ሆኗልና። ጆሮዋን ጣል አደረገች።

«እርስዎ ካሉ ነው እንግዲህ። እኛ መሃይም ሆነን ኖረናል፤ መሃይም ሆኜ እንዳልሞት እውነተኛውን ጥድ ያሳዩኝና ከዚያ ይብሉኝ።»

ጅብ ከተወለደ ጀምሮ ማንም እውቀት ጠይቆት አያውቅም። ሆዱ ብላ አለው፤ ኩራቱ ቆይ አለው። ኩራቱ አሸነፈና ከፊት ከፊት እየመራ ሜዳውን አሻገራት። መሐል ላይ ለሃጩ ተዝረከረከ፤ ነገር ግን ትምህርት ሳያልቅ ተማሪን መብላት ነውር መስሎ ታየው። ከዝግባው ዘንድ ደረሱ።

«ይኸውልሽ፣ ቅጠሉ ጠፍጣፋ፣ ፍሬው ድብልብል። ጥድ ማለት ይህ ነው።»

«ከዚህ ሥር የቆመ አይነካም?»

«ማን ደፍሮ!»

እመት ዳልቻ ገባ አለችና ጀርባዋን ለግንዱ ሰጠች። «እንግዲያው ቆሜያለሁ» አለችው።

ጅብ ሊነክሳት አፉን ከፈተ፤ አዋጁ ትዝ ቢለው መልሶ ገጠመው።

ይህን ሁሉ ቀበሮ በጭጋጉ ተከትሏቸው መጥቶ ከዝግባው ጎን ከበቀለ ጥድ ኋላ ተደብቆ ያይ ነበር። ጅብ ሲገድላት ለአንበሳ ሊመሰክር የመጣ ነው። ንዴቱ መደበቁን አስረሳውና ብቅ ብሎ ጮኸ።

«አንተ ደደብ፣ ብላት እንጂ! ዝግባ እኮ ነው!»

ጅብ ደነገጠ። ጥድ ነው ያሉት ራስዎ፣ ከአገር ሊያስባርሩኝ ነው ወይ ብሎ አምርሮ ወቀሰው። እየወቀሰም ቀበሮ የቆመበትን ዛፍ ልብ ብሎ አየ። ቁርሱን አልበላም።

«ይልቅስ የኔታ፣ የቆሙት ከዝግባ ሥር ነው።»

«ኧረ ጥድ ነው! ልጣጩን እየው!»

«እያየሁት ነው» አለ ጅብ፤ «ይላጣል።»

ቀበሮ ነፍሱን ይዞ አመለጠ፤ ጭራው ግን ግማሹ ከደቀ መዝሙሩ አፍ ቀረ። ለአንበሳ እንዳይከስ፣ ከጥድ ሥር ነው የተነካሁት ባለ ጊዜ ጅብን ማን አሳሳተው መባሉ አይቀርም። ስለዚህ ጭራዬን ወጥመድ ቆረጠው እያለ ኖረ። እመት ዳልቻ በግርግሩ ወደ ቤቷ ሄደች፤ ሳትሮጥ፣ ሣር እየነጨች።

ከዚህ የምንማረው፣ የጥድን ምልክት ለሌላው ገልብጦ የሚያስተምር በክፉ ቀን ራሱ የሚጠለልበት ጥድ እንደማያገኝ ነው።

አደራችሁን፣ ይህን ተረት ለማንም አትድገሙት። አያ ጅቦ እስከ ዛሬ ዝግባ ባየ ቁጥር እጅ ነሥቶ ይመለሳል፤ የእመት ዳልቻም ልጆች የሚያድሩት እዚያው ዝግባ ሥር ነው።