ለአባባ ፊርሚን አንዲት ኩባያ ቢራ

ጠጋ በሉና ስሙኝ። ይቺ ወሬ ብቻዋን አትሄድም፤ አንዷ ሌላዋን እየጎተተች ነው የምትመጣው።

ቤልጅየም በሚባል አገር፣ የገብስ ማሳ በከበባት አንዲት መንደር፣ ፊርሚን የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። በዚያ ዘመን የዚያ አገር ገበሬ ቢራውን ከሱቅ አይገዛም፤ እኛ ጠላ እንደምንጠምቀው እዚያው ግቢው ውስጥ ይጠምቀዋል። በረዶ በሚወርድበት ወራት ከገብሱ ብቅል ያወጣል፣ በጌሾ ፋንታ ሆፕ የሚሉትን መራራ አበባ ይጨምርበታል፣ በርሜል ሞልቶ ምድር ቤት ያስቀምጠዋል። ቢራው ጨለማ ውስጥ ድምፁን አጥፍቶ ይቆይና ፀሐይ አናት ስትበሳ፣ አጨዳ ሲደርስ ይወጣል። መልኩ ገለባ ነው፣ አረፋው ወተት። ምላስን ቆንጠጥ ያደርግና ጉሮሮ ላይ ይቀዘቅዛል። ለስካር ሳይሆን ለጥም የተሠራ ነው።

ፊርሚን ዕድሜ ልካቸውን ሲጠምቁ ኖረዋል። ባለፈው ብርድ ግን ሚስታቸው ሞቱባቸው፤ ትልቁ ድስትም ሳይጣድ ቀረ። እነሆ አጨዳ ደረሰ፣ ሙቀቱ ድንጋይ ያፈላል፣ እሳቸው አልጋ ላይ ናቸው። እህል ቢሏቸው አይፈልጉም፣ ውሃ ቢሏቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። በመስኮቱ አሻግረው የደረሰውን ገብስ ማየት ብቻ ሆኗል ሥራቸው።

ልጃቸው ሊዮንቲን እርጥብ ጨርቅ ግንባራቸው ላይ አድርጋ፣ "አባባ፣ ሾርባ ላምጣልዎት?" አለቻቸው።

"አይ።"

"ወተትስ?"

"አይ።"

"ታዲያ ምን ይሻልዎታል?"

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ቢራ" አሉ በቀስታ። "የአጨዳ ቢራ። አንዲት ኩባያ። እናትሽ ከሄደች ወዲህ ያማረኝ ነገር እሱ ብቻ ነው።"

ሊዮንቲን ልቧ ዘለለ። አባቷ አንድ ነገር ሲያምራቸው ከሰማች ቆይታለች። ኩባያዋን አንጠልጥላ ወደ ጎረቤታቸው ወደ ሁበርት ሮጠች።

"ጋሼ ሁበርት፣ ለአባባ አንዲት ኩባያ ቢራ ይቅዱልኝ።"

ሁበርት ራሱን አከከ። "ልጄ፣ ያለኝ አንድ በርሜል ነው። በዚህ ሙቀት አንዴ ከተከፈተ ትንፋሹ ይወጣል፤ አጫጆቹ ሲመጡ የሞተ ቢራ ልሰጣቸው ነው? ጥለውኝ ይሄዳሉ፣ ገብሴም ይረግፋል። አጫጆቹ ማሳው ውስጥ ይግቡ እንጂ ያኔውኑ እከፍተዋለሁ።"

ሁበርት በርሜሉን አልከፍትም አለ፣ የአባባም ጥም አልተቆረጠም።

ሊዮንቲን ወደ አጫጆቹ ሄደች። አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፍተው ተጋድመዋል። "ኧረ ተነሱ! ገብሱ እኮ ደርሷል!"

አለቃቸው ዴዚሬ ከባርኔጣው ሥር፣ "በምናችን እንጨደው? በጥርሳችን?" አለ። "ማጭዳችን ድንጋይ መትቶ ተሸራርፏል። አንጥረኛው ኦሜር ጋ ነው ያለው። እሱን አሳዪኝና እነሳልሻለሁ።"

አጫጆቹ አናጭድም አሉ፣ ሁበርት በርሜሉን አልከፍትም አለ፣ የአባባም ጥም አልተቆረጠም።

አንጥረኛው ኦሜር ቤት ስትደርስ መዶሻው መሬት ተቀምጧል፣ ወናፉ ተኝቷል። ኦሜር ራሱ በሩ ላይ ቆሞ መንገድ መንገዱን ያያል።

"ማጭዱን ሠርተህልኛል ወንድሜ?"

"በምን እሳት እህቴ? ብረቱ ካልጋለ አይቀጠቀጥ፣ ካልተቀጠቀጠ አይሳል። ከሰል አክሳዩ ባዚል መጣሁ መጣሁ እያለ ቀረብኝ።"

እሳቱ አልነድም አለ፣ ማጭዱ አልሳልም አለ፣ አጫጆቹ አናጭድም አሉ፣ ሁበርት በርሜሉን አልከፍትም አለ፣ የአባባም ጥም አልተቆረጠም።

መንገዱን ይዛ ወደ ጫካው ወጣች። አቧራው ቁርጭምጭሚቷን ዋጠው። ባዚልን ያገኘችው ከጫካው አፍ ላይ ነው፤ ጋሪው ከሰል ሞልቶ ቆሟል፣ በቅሎዋ ኮኬት ደግሞ ጋሪው ፊት እንደ እመቤት ተጋድማለች። ባዚል አጠገቧ ተንበርክኮ ይለማመጣታል።

"ኮኬትዬ፣ የኔ ቆንጆ፣ ተነሺ በናትሽ።"

ኮኬት ጆሮዋን እንኳ አላንቀሳቀሰችም።

"ምን ሆና ነው?" አለች ሊዮንቲን።

"አኩርፋ ነዋ! ጥርሷ አልቋል፤ ያልተከካ አጃ አፏ ውስጥ አይገባም። አጃው ደግሞ ወፍጮ ቤት ተቀምጧል፣ ባለወፍጮዋ ዜሊ አልከካችልኝም። ሆዷ ባዶ ሆኖ እንዴት ትጎትት? እኔም ብሆን አልነሳም።"

በቅሎዋ አልነሳም አለች፣ እሳቱ አልነድም አለ፣ ማጭዱ አልሳልም አለ፣ አጫጆቹ አናጭድም አሉ፣ ሁበርት በርሜሉን አልከፍትም አለ፣ የአባባም ጥም አልተቆረጠም።

ቁልቁል ወደ ወንዙ ወረደች። ወንዝ ማለት ስሙ ብቻ ቀርቷል፤ ጠጠሩ አግጥጦ፣ የወፍጮው መንኮራኩር ደርቆ ሸረሪት አድርቶበታል። ዜሊ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ በሽርጧ ራሷን ታራግባለች።

"የባዚልን አጃ ብትከኪለት ምናለበት ዜሊ?"

"በምራቄ ላዙረው?" አለች ዜሊ። "ውሃው ሁሉ እላይ ኩሬው ውስጥ ነው ያለው። እማማ ባርብ የግድቡን በር ዘግተው አልከፍትም ብለዋል። እኔ ሄጃለሁ፣ ባሌ ሄዷል፣ ማንንም አይሰሙም። አንቺ ሞክሪያቸው እስቲ።"

ወፍጮው አልዞርም አለ፣ በቅሎዋ አልነሳም አለች፣ እሳቱ አልነድም አለ፣ ማጭዱ አልሳልም አለ፣ አጫጆቹ አናጭድም አሉ፣ ሁበርት በርሜሉን አልከፍትም አለ፣ የአባባም ጥም አልተቆረጠም።

ሊዮንቲን ዳገቱን ተያያዘችው። ፀሐይዋ ዘንበል ብላለች። አባባ አሁን ምን ሆነው ይሆን? በመስኮቱ ወደ መንገዱ እያዩ ይሆን? ባዶ ኩባያዋን ደረቷ ላይ ይዛ ወጣች፣ ወጣች፣ ኩሬው ዳር ደረሰች።

ኩሬው ሞልቶ ተኝቷል። ከአጠገቡ አንዲት ትንሽ ቤት አለች፣ በሯ ላይ አሮጊት ተቀምጠዋል። ሊዮንቲን እማማ ባርብን በስም ነው የምታውቃቸው፤ ወደ መንደሩ አይወርዱም፣ እናቷም ስለሳቸው አንስተው አያውቁም ነበር።

"ውሃ ፈልገሽ ነው" አሉ ገና ሳትቀመጥ።

"አዎ እማማ።"

"ማንም ሌላ ነገር ፈልጎ አይመጣም እዚህ። አልለቅም። ለመሆኑ ለምንሽ ነው?"

ሊዮንቲን ደክሟታል። በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈችው። "ውሃው ለወፍጮው ነው፣ ወፍጮው ለአጃው፣ አጃው ለበቅሎዋ፣ በቅሎዋ ለከሰሉ፣ ከሰሉ ለእሳቱ፣ እሳቱ ለማጭዱ፣ ማጭዱ ለአጫጆቹ፣ አጫጆቹ ለበርሜሉ፣ በርሜሉ ለአንዲት ኩባያ፣ ኩባያዋ ለአባቴ። አባቴ እህል አልቀምስ፣ ውሃ አልጠጣ ብለዋል። ያማራቸው የአጨዳ ቢራ ብቻ ነው።"

"አባትሽ ማነው?"

"ፊርሚን።"

አሮጊቷ ዓይናቸውን ወደ ኩሬው መለሱ። ከኩሬው አንድ ዓሣ ብቅ ብሎ ተመለሰ።

"ፊርሚን" አሉ በመጨረሻ። "እሱ ያጭዳል፣ እኔ ከኋላው ነዶ አስራለሁ። ቀትር ላይ ቢራው ሲመጣ አብረን ነበር የምንቀመጠው። ልጅ ነበርን። ከዚያ እናትሽን አገባ። ደግ አደረገ፣ ጥሩ ሴት ነበረች፤ ቂም የለኝም። ግን ከዚያ ወዲህ ለአጨዳ ነይ ያለኝ ሰው የለም። በየበጋው ሲዘፍኑ እሰማለሁ። ንፋስ ወደዚህ ሲነፍስ የቢራው ሽታ ሳይቀር ይመጣል። ውሃዬን ይፈልጉታል፣ እኔን ግን የሚፈልግ የለም።"

እማማ ባርብ ውሃውን አልለቅም አሉ፣ ወፍጮው አልዞርም አለ፣ በቅሎዋ አልነሳም አለች፣ እሳቱ አልነድም አለ፣ ማጭዱ አልሳልም አለ፣ አጫጆቹ አናጭድም አሉ፣ ሁበርት በርሜሉን አልከፍትም አለ፣ የአባባም ጥም አልተቆረጠም።

ሊዮንቲን ምን እንደጎደለ ገባት። ገባት፣ አፏ ግን ቶሎ አልታዘዘላትም። አባቷ አልጋ አጠገብ ያለው የእናቷ ወንበር እስካሁን ማንም አልተቀመጠበትም። እሷ ራሷ ስታልፍ እንኳ ዞር ብላ ነው የምታልፈው። አሁን ያንን ወንበር ለማታውቃቸው ሴት ልትስብ ነው? ዓይኗ እንባ አቀረረ። ደግሞ አባቷን አሰበች፤ ቀኑን ሙሉ ከመስኮቱ በቀር ማንም የማያነጋግራቸውን አባቷን።

"እማማ ባርብ" አለች፣ "ይነሱ። ውሃውን ለቀቁም አልለቀቁ ይምጡ። ቢራው ካለ አብረን እንጠጣለን፤ ከሌለ አብረን እንጠማለን። አባባ ሰው ያስፈልጋቸዋል።"

አሮጊቷ ተነሡ፣ ቀሚሳቸውን አራገፉ፣ ሻርፓቸውን አስተካከሉ። ከዚያ የግድቡን በር በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ላይ ሳቡት።

ያኔ ውሃው ተለቀቀ፣ ወፍጮው ዞረ፣ አጃው ተከካ፣ በቅሎዋ በልታ ተነሣች፣ ከሰሉ ደረሰ፣ እሳቱ ነደደ፣ ብረቱ ጋለ፣ ማጭዱ ተሳለ፣ አጫጆቹ እየዘፈኑ ማሳው ገቡ፣ ሁበርትም እጅጌውን ሰብስቦ ምድር ቤት ወረደና የበርሜሉን ውታፍ ነቀለው። ፊሽሽ! አረፋው እስከ ክርኑ ገነፈለ።

ፀሐይዋ ገብሱ ላይ ቀልታ ሳለች ሊዮንቲን ኩባያዋን በሁለት እጇ ይዛ ቤት ገባች። አረፋ ከጣቶቿ መሃል ይንጠባጠባል። ከኋላዋ እማማ ባርብ ደፉ ላይ ቆሙ።

ፊርሚን ቀና አሉ። ረዥም ጊዜ አዩዋቸው። "ባርብ ነሽ? አርጅተሻል እኮ!"

"አንተ ታዲያ መቼ ወጣት ሆንክ?" አሉ ባርብ።

ሊዮንቲን የእናቷን ወንበር ሳበችላቸው።

ሽማግሌው ኩባያውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ተጎነጩ፣ አፋቸው ውስጥ ያዙት፣ ዋጡት። ዓይናቸው ተከደነ፤ በጉንጫቸው ላይ አንድ ነገር ወርዶ ጢማቸው ላይ ካለው አረፋ ጋር ተቀላቀለ። የማጭዱ ድምፅ ከውጭ ይሰማል፤ ሽው፣ ሽው። እሳቸው እስኪበቃቸው ጠጥተው ለባርብ አቀበሉ፣ ባርብም ጠጥተው ለሊዮንቲን አቀበሉ። ሊዮንቲን ቀኑን ሙሉ አንዲት ጉንጭ ውሃ እንኳ እንዳልቀመሰች ያወቀችው ያኔ ነው። ቅዝቃዜው እስከ ሆዷ ወረደ፣ መራርነቱ ምላሷ ላይ ቀረ። እናቷን አሰበች፣ አለቀሰችም፤ እማማ ባርብ ትከሻዋን ያዙላት።

ፊርሚን ከንፈራቸውን ጠረጉና ቤቱን ዙሪያውን ቃኙት።

"እንዴ" አሉ፣ "እዚህ ቤት ዳቦ የሚባል ነገር የለም? ሰው በረሃብ ይለቅ ነው የምትሉት?"

ሊዮንቲን እንባዋን ሳትጠርግ ወደ ማድቤት ሮጠች።

እነሱም ጥማቸውን ቆረጡ። እኔ ግን ስንት አጫጅ፣ ስንት በቅሎ ስቀጥል ውዬ ጉሮሮዬ ደርቋል፤ በሉ እናንተም ለተራኪው ቅዱ።