ማኅተም ያረፈባቸው ስድስት ካሬዎች

አንድ ይርዳው የሚባል ሰዓሊ ነበር። ሥዕል ያስተማረው ሰው የለም፤ የተማረው በካሬ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ፎቶው ላይ በእርሳስና በማስመሪያ እኩል እኩል ካሬዎች ታሰምራለህ። ሸራው ላይም ያንኑ ያህል ካሬ ታሰምራለህ፣ ግን ተለቅ ተለቅ አድርገህ። ከዚያ ፊቱን ትረሳዋለህ። አዎ፣ ትረሳዋለህ! አንዷ ካሬ ውስጥ ያለችውን መስመር ብቻ አይተህ ወደ ትልቁ ካሬ ታሻግራታለህ፤ ቀጥሎ ወደ ጎረቤቷ ትሄዳለህ። ስትጨርስ ሰውዬው ራሱ ሸራው ላይ ቁጭ ብሎ ታገኘዋለህ። እኔም ሞክሬዋለሁ፤ ይሠራል።

ይርዳው በዚህ መንገድ የከተማውን ሙሽራና ተመራቂ ሁሉ ስሏል። ፎቶ ካላመጡለት ግን እርሳስ አያነሳም።

አባቱ አቶ ገላው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከሰዓት ከሰዓት እየመጡ ሥዕል ቤቱ በር ላይ ይቀመጡ ነበር።

«አንተ፣ እኔን መቼ ነው የምትስለኝ?» ይሉታል።

«ፎቶ አምጣና፣ አባዬ።»

«እኔ እዚህ ተገትሬ ፎቶ ምን ያደርግልሃል?»

«አንተማ ትነቃነቃለህ፣ ወሬህም አያልቅ። ካሬ አይሰመርብህ ነገር!»

«ግንባሬ ላይ አስምርብኝ እንግዲያው፤ ሽብሽቡ ግማሹን ሠርቶልሃል» ብለው ይስቃሉ።

ይርዳውም ይስቃል፤ ዓይኑ ግን ከያዘው ፎቶ አይነሳም። «ፎቶ ቤት እንሄዳለን» ይላል ሁልጊዜ። ሳይሄዱ፣ አንድ ማለዳ አባቱ ከእንቅልፋቸው ሳይነሱ ቀሩ።

ለአርባቸው ሥዕላቸውን ሠርቶ እንደሚያመጣ ለእናቱ ለወይዘሮ አስካለ ቃል ገባ። ቤቱን ቢያገላብጥ የተገኘው ፎቶ አንድ ብቻ ሆነ፤ መታወቂያቸው ላይ የተለጠፈው። እሱም ላይ ክቡ ማኅተም ልክ ከአፍንጫቸው ሥር ተመትቶበታል። አፍም አገጭም አይታይም።

ያም ሆኖ ካሬውን አሰመረ። ግንባራቸው ወጣ። ዓይኖቻቸው ወጡ። ስድስት ካሬ ቀረ፤ ማኅተሙ ያረፈባቸው። ይርዳው ወንበር ስቦ ባዶዎቹ ካሬዎች ፊት ተቀመጠና ዓይኑን ጨፍኖ የአባቱን አፍ ለማስታወስ ሞከረ። ድምፃቸው መጣለት። ቀልዳቸው መጣለት። አፋቸው ግን አልመጣም። ሠላሳ አራት ዓመት አብሯቸው በልቷል፤ ከንፈራቸው ስስ ይሁን ወፍራም አያውቅም።

ቢጨንቀው የአባቱን ባልንጀራ ጋሽ ወንድይፍራውን ጠየቃቸው።

«የአባዬ አፍ ምን ዓይነት ነበር?»

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩት። «ወደ ግራ ያጋድል ነበር፤ ሊቀልድ ሲልማ ይብስበታል። ምን ነካህ ልጄ? በርህ ላይ ሲውል የነበረውን ሰው እኔን ትጠይቀኛለህ?»

«ወደ ግራ» ያሉት በእሳቸው ግራ ይሁን በአባቱ፣ መልሶ ለመጠየቅ አፈረ። ቀኑም ደረሰበት። ከሌላ ሽማግሌ ፎቶ ላይ ስድስት ካሬ ወስዶ ሞላው።

በአርባቸው ቀን ሥዕሉ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። የመጣው ሰው ሁሉ «ቁርጥ እሳቸው!» እያለ አደነቀ። ወይዘሮ አስካለ ግን ሰው ሲሳሳ ተነስተው ወደ ሥዕሉ ተጠጉና የነጠላቸውን ጫፍ አንስተው ከአፍንጫው በታች ያለውን ሸፈኑ።

«ገላው» አሉ፣ ዓይኖቹን እያዩ። ከዚያ ማልቀስ ጀመሩ።

«እማዬ፣ ልቀይረው?»

«በምን ትቀይረዋለህ፣ ልጄ?» አሉት። እጃቸውን ከሥዕሉ ላይ አላነሱም።

እዚህ ላይ ጥፋተኛው ካሬው እንዳይመስላችሁ። ካሬ ጥሩ መምህር ነው፤ እጅን ያሠለጥናል። የሚያሻግረው ግን ወረቀት ላይ ያገኘውን ብቻ ነው። ይርዳው የሰውን አባት በካሬ ሲለካ በዋለባቸው ዓመታት ሁሉ የራሱ አባት ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጠው እየሳቁ ነበር። ቀና ብሎ ለማየት ደግሞ እርሳስም ማስመሪያም አያስፈልግም ነበር። አብሮ መኖርን እንደማየት ቆጠረው፤ ሁላችንም እንዲሁ እንቆጥረዋለን።

ሥዕል የምትማሩም የማትማሩም፣ እስቲ ማንበቡን ቆም አድርጋችሁ መልሱልኝ፦ አባታችሁ ሲስቁ አፋቸው ወደየት ያጋድላል? መልሱን ካላወቃችሁትና እሳቸው በሕይወት ካሉ፣ ዛሬውኑ ሂዱና ቀልድ ንገሯቸው።