የሰማንያ ሜትሩ ገመድ

በአንድ ወቅት፣ ሩቅ ነው ብላችሁ እንዳትዘናጉ፣ ባይለየኝ የሚባል ሬዲዮ ጠጋኝ በአንዲት የቆላ ከተማ ይኖር ነበር። ሦስት ልጆች ነበሩት። ሦስቱም እጃቸው ሥራ ያውቃል፤ ሦስቱም አይዋደዱም። ገበታ ላይ እንኳ የሚተያዩት የሌላውን ጉርሻ ለመመጠን ነበር።

ባይለየኝ ዓይኑ ሲደክም ጥገና ቤቱን ለአንዳቸው ሊያወርስ ፈለገ። ለሦስት ቢከፍለው በሳምንቱ እንደሚፈርስ ያውቃል። በዚያው ሰሞን ለከተማዋ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ የውሃ ፓምፕ ሊተከል ሆነና ኢንቨርተሩን እንዲሠራ ታዘዘ። ኢንቨርተር ማለት ከሶላሩ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እየቆራረጠ፣ ለፓምፑ ሞተር እንዲስማማ አድርጎ የሚልክ ሳጥን ነው። ቆረጣው ለሰው ጆሮ አይሰማም፤ ሬዲዮ ግን ይሰማዋል፣ ይረበሻልም። ፓምፑ አጠገብ ደግሞ ጤና ጣቢያው አለ። ስልክ እዚያ ስለማይሠራ አምቡላንስ የሚጠራው በመገናኛ ሬዲዮ ነበር።

ባይለየኝ ሳጥኑን ሠርቶ ሲጨርስ ልጆቹን ሰብስቦ «ይኼ ሳጥን ሲተከል ምን ረብሻ እንደሚያመጣ ተንብዩ» አላቸው። «ጻፉና አሽጋችሁ ስጡኝ። ሥራ በጀመረ በሦስተኛው ቀን እከፍተዋለሁ፤ በትክክል ያወቀ ጥገና ቤቱን ይወስደዋል። እርስ በርስ እንዳትነጋገሩ!»

የመጨረሻው ትእዛዝ ትርፍ ነበር። ድሮም አይነጋገሩም።

ታላቁ ሽባባው ዩኒቨርሲቲ ተምሮ የመጣ ነው። ሳጥኑን በእጁ አልነካም። ጉድጓዱ ድረስ ሄዶ ከኢንቨርተሩ እስከ ፓምፑ የኤሌክትሪክ ገመዱ የሚዘረጋበትን መንገድ በእርምጃ ለካ፤ ሰማንያ ሜትር ሆነ፣ በጤና ጣቢያው ግድግዳ ሥር ያልፋል። ከዚያ በሩን ዘግቶ ሦስት ቀን ሙሉ አሰላ። ጽፎ አሸገና ለአባቱ ሰጠ። ለማንም ትንፍሽ አላለም።

ትርንጎ መካከለኛዋ ናት። ሀብቷ ጆሮዋ ነው፤ ሽባባው ለማናደድ ሲፈልግ «ጆሮ» እያለ ይጠራታል፣ እሷም ለዚህ ስትጠላው ዓመታት አልፈዋል። ሳጥኑን የአባቷ ጠረጴዛ ላይ አድርጋ፣ በሁለት ሜትር ገመድ ከሞተሩ ጋር አገናኝታ አስነሳችው። ትንሹን ሬዲዮዋን ጣቢያ በሌለበት ሞገድ ላይ አድርጋ ዙሪያውን አዞረችው። ጭጭ። በዚያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዝም ያለ ዕቃ ሁሉ ደህና ነው ተብሎ ይወጣል፤ አባቷም ያስተማራት ይህንኑ ነው። «አይረብሽም» ብላ ጻፈች። የውሃ ኮሚቴው ሰዎች መንገድ ላይ ሲጠይቋትም «በእኔ ይሁንባችሁ» አለች። ሰዎቹ እሷን አምነው ፓምፑን ለማስነሳት ቀን ቆረጡ።

ታናሹ ምንይችል በያጅ ነው። ወረቀቱ ላይ «እኔ አላውቅም፤ ሳይሆን በፊት የሚያውቅም የለም» ብሎ ጻፈ። ቢሆንም ለኢንቨርተሩ የሚሆን የብረት ቤት በየደ፤ ለገመዱም የሽቦ መረብ ልባስ፣ ረብሻ ቢመጣ ወደ መሬት የሚያወርድ የመዳብ ዘንግ አዘጋጀ። ትርንጎ ስታየው ከት ብላ ሳቀች።

«ለዝምተኛ ሳጥን እስር ቤት ሠራህለት?»

ሽባባውም ቆሞ ያይ ነበር። ፈገግ አለ እንጂ አልተናገረም።

ፓምፑ ተነሣ፤ ውሃው ወረደ፤ እልልታው ቀለጠ። በሁለተኛው ቀን ስድስት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ አናት ስትበሳ፣ አዋላጇ ሲስተር አገሬ እየጮኸች ከጤና ጣቢያው ወጣች። ውስጥ ምጥ ላይ ያለች ሴት ደም እየፈሰሳት ነው። ሬዲዮው ግን ይንጫጫል እንጂ ሰው አያሰማም።

ትርንጎ ሬዲዮዋን ይዛ ሮጠች። ሳጥኑ ጋ ስታስጠጋው ትንሽ አጉረመረመ። ገመዱን ተከትላ ስትሄድ ግን አገሳ፤ እስከ ግድግዳው ድረስ እያገሳ ሄደ። ሁለት ሜትሩ ያልተናገረውን ሰማንያ ሜትሩ ተናገረ። ያን ጊዜ ገባት። ልታጠፋው ስትል ከማለዳ ጀምረው ሲጠብቁ የቆዩት ባለጀሪካኖች ከበቧት።

«ውሃችንን ንኪና እንተያያለን!»

ገፈተሯት። ባዶ ጀሪካን ግንባሯን መታት። ደሟን ሳትጠርግ ሰንጥቃ አልፋ አጠፋችው። የጤና ጣቢያው ሬዲዮ ወዲያው ጥርት አለ፤ አምቡላንስ ተጠራ፤ መጣ። ሴትዮዋ ተረፈች። ልጇ አልተረፈም።

ከተማዋ አሁን ውሃ የላትም። ምንይችል የብረት ቤቱን ተሸክሞ መጣና አባቱ ፊት አስቀመጠው።

«አባባ፣ ጥገና ቤቱን ስጠኝና አሁኑኑ ልግጠመው።»

«የሰው ሬሳ ላይ ትደራደራለህ?»

«እናንተ ገደላችሁ፤ እኔ አልገደልኩም።»

አባትየው እንቢ አለ፤ ምንይችልም የብረት ቤቱ ላይ ተቀመጠበት። በማግስቱ የጠማው ሕዝብ ድንጋይ ይዞ ሲከበው ተነሥቶ የብረት ቤቱንና ልባሱን ገጠመ። ፓምፑ ተነሣ፣ ሬዲዮው ኮሽ አላለም። እስከ ዛሬም አላለም።

በዚያው በሦስተኛው ቀን ባይለየኝ ወረቀቶቹን በሲስተር አገሬ አስነበበ። የሽባባው እንዲህ ይላል፦ «ገመዱ አንቴና ይሆናል። ፀሐይ ስትበረታ፣ ስድስት ሰዓት ላይ፣ የጤና ጣቢያው ሬዲዮ ይታፈናል።»

ትርንጎ ታላቋን ጋሼ ማለት ያን ዕለት ተወች። «እያወቅህ?» አለችው።

«አንቺ ምለሽላቸው ማን ያምነኝ ነበር? ደግሞ እንዳትነጋገሩ ያለው አባባ ነው።»

«እኔ ሰው ይሙት አልኩ?» ብሎ ባይለየኝ ጮኸ።

«ተንብዩ አልክ፤ ተነበይኩ። ቤቱ የእኔ ነው።»

ምንይችል ሳቀ። «ወረቀትህ ስንት ጀሪካን ሞላ? ረብሻውን ዝም ያሰኘው ብረቴ ነው።»

ትርንጎ በሻሽ የታሰረ ግንባሯን ይዛ ቆማ ነበር። አጥፍቼ አምቡላንሱን ያስጠራሁት እኔ ነኝ ልትል አሰበች፤ ፓምፑን ያስነሳውም የእሷው አፍ መሆኑን ስታስበው አንገቷን ደፋች። ቤቱን ግን ለሽባባው ከሚሰጡት ቢነድ ትመርጣለች። ከእንግዲህ የትኛውንም ሳጥን በሁለት ሜትር ገመድ እንደማትፈትን ከወንድሞቿ በላይ የምታውቀው እሷ ናት። ይህንንም ተናግራ ማንም አልሰማትም፤ ሁለቱ ወንድማማቾች አንገት ለአንገት ተያይዘው ነበር።

ሲስተር አገሬ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ ወጣች። ባይለየኝ መፍረድ አቃተው። ሌሎች አምስት ከተሞች እንደዚያው ያለ ፓምፕ አዝዘውታል፤ እሱ ደግሞ ከእንግዲህ የመበየጃ ካውያ የሚይዝበት ዓይን የለውም።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ። እያወቀ ዝም ያለው፣ ተሳስታ ደሟን አፍስሳ ያጠፋችው፣ ሳያውቅ፣ በሰው ጥም ተደራድሮም ቢሆን፣ ረብሻውን ያስቆመው፤ ጥገና ቤቱ የሚገባው ለማን ነው? ቸኩላችሁ አትመልሱ፤ ከአምስቱ ፓምፖች አንዱ እናንተ ሰፈር፣ እህታችሁ የምትወልድበት ጤና ጣቢያ አጠገብ ቢተከል፣ ሳጥኑን ማን እንዲሠራው ትፈቅዳላችሁ?