ክሮቼራ እና የብረቶቹ አውጫጭኝ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» እንዳትሉኝ። የዛሬው በረት ላም የለውም፤ የቆመችበት መኪና ናት።

ብረት አፍ በነበረው ዘመን፣ ከአንድ ትልቅ ቁልቁለት አፋፍ ላይ ባለ ጋራዥ አንዲት አሮጌ መኪና ቆማ ነበር። አራቱም ጎማዎቿ የሚጎትቱ፣ ጭቃ የማያቆማት፣ ድንጋይ የማይመልሳት። ከሆዷ ሥር የሞተሩን ጉልበት ወደ ኋላ የሚያደርስ ረጅም ዘንግ አለ። በዘንጉ ራስ ላይ መስቀል የመሰለች ትንሽ ብረት አለች፤ ክሮቼራ ይሏታል። መኪናዋ ስትነጥር ዘንጉ እንዳይሰበር ክንዶቿን የምታጥፍ፣ የምትዘረጋ እሷ ናት።

ክሮቼራ ዕረፍት አጥታለች።

ክረምት ላይ ወንዝ ሲሻገሩ ውኃ ገብቶ ግራሶዋን አጥቦ ወሰደው። ቅባት ያጣ ብረት ደግሞ ራሱን ይበላል። ክንዶቿ ላሉ። ከዚያ ወዲህ ማርሽ ወደ ፊት ሲገባ፣ ቋ! ወደ ኋላ ሲገባ፣ ቋ! አራቱም ጎማ እንዲጎትት ፎር ዊል ሲገባማ፣ ቋ ቋ ቋ!

ብትናገርስ? ከእሷ በፊት የነበረችውን ክሮቼራ ታሪክ ሰምታለች። በመዶሻ መትተው አወጧት፤ ቁርጥራጭ ክምር ላይ ወረወሯት።

«አልናገርም» አለች። ተገላበጠች። «አልናገርም።»

አንድ ቀን ሾፌሩ ጋሽ ሸዋፈራው መካኒኩን ጠራው።

«አንተ ጉልላት፣ ይቺ መኪና ታንኳኳለች።»

«ታዲያ ‹ግቢ› አይሏትም ጋሼ!»

«አትቀልድ! ገበያተኛ ጭኜ ቁልቁለቱን ልወርድ ነው። ነፍስ ነው የምጭነው።»

«ምሳ በልቼ አያታለሁ። በባዶ ሆድ ድምፅ አይለይም።»

ሰዎቹ ሄዱ። ሞተር እንደ ጭቃ ሹም ጉሮሮውን ጠረገ።

«አውጫጭኝ ነው! የሚያንኳኳው ሳይታወቅ ማንም ከዚህ አይነሳም። ያየ ይናገር። ‹አየሁ› ማለት የፈራ ‹ወፍ ነገረችኝ› ይበል።»

የአገሩ ወግ እንዲህ ነበር። ጥፋተኛ ሲጠፋ ሁሉም ይሰበሰባል፤ ስም የሚያወጣው በወፍ ተከልሎ ያወጣል። ወፏን ማንም አይጠይቃትም።

ክሮቼራ ይህቺን ወፍ ወደደቻት።

«ወፍ ነገረችኝ» አለች ፈጥና። «ባሌስትራ ነው።»

የመኪናዋን ጀርባ የሚሸከመው ሽማግሌ ሞላ፣ ባሌስትራ፣ ደነገጠ። «እኔ? ልጄ፣ እኔ ሲጥ እላለሁ እንጂ ቋ ብዬ አላውቅም! እርጅናም ወንጀል ሆነ?»

«ሲጥ ያለ ቋ ይላል!» አሉ ብረቶቹ። ሁሉም ወደ እሱ አዘነበሉ። ስላዘነበሉም ድምፁ ከእሱ የመጣ መሰለ። ጉልላት ከምሳ ተመልሶ ጆሮውን ጣለ፣ ባሌስትራን ፈታ፣ መልሶ አጠበቀ። መኪናዋን አንቀሳቀሷት።

ቋ!

«ወፍ ነገረችኝ» አለች ክሮቼራ። «አዲሱ ጎማ ነው። እሱ ሳይመጣ ሰላም ነበርን።»

«ዘመድ የለውም ብላችሁ ነው!» አለ አዲሱ ጎማ። «የእኔ ሆድ አየር ነው። አየር በምኑ ያንኳኳል?»

«መጤ ምኑ ይታወቃል!» አሉ ብረቶቹ፤ አዘነበሉ። ጉልላት ጎማውን ፈታ፣ መልሶ አሰረ። አንቀሳቀሷት።

ቋ!

«ወፍ...» አለች ክሮቼራ። «ወፍ ነገረችኝ። ዲፈረንሻል ነው።»

ዲፈረንሻል ከዘንጉ ጫፍ ተቀምጦ የመጣለትን ዙር ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍል ነው። በሁለቱም በኩል ሆደ ሰፊ። ዘይቱን አፈሰሱት፣ ሆዱን ከፍተው በባትሪ ፈተሹት። ጥርሱ ሙሉ፣ ዘይቱ ንጹህ። መልሰው ሲዘጉት ቀስ ብሎ ጠራት።

«ልጄ፣ ይህ ዘንግ ባዶ ቱቦ ነው። አንቺ ጋ የተመታ እኔ ሆድ ውስጥ ነው የሚጮኸው። ከክረምት ጀምሮ አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«ወፍ አይደለሁማ።»

ክሮቼራ የምትገባበት ጠፋት።

በዚህ መሐል ጋሽ ሸዋፈራው ትዕግሥቱ አለቀ። «በቃ፣ እንዳንኳኳች ትውረድ! ሰው ፀሐይ ፈጀው።»

ገበያተኞቹ ተሳፈሩ። «ዶሮዬን አትርገጥብኝ!» «ዶሮሽ እኔን እየረገጠችኝ ነው እንጂ!» ሳቁ። ክሮቼራ ሳቁን ከላይዋ ሰማች። ክንዷ ላይ የቀረው ብረት እንደ ፀጉር ቀጭን ነው። ቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ ይበጠሳል። ዘንጉ ይወድቃል፤ እንደ ችካል መሬት ላይ ይተከላል፤ መኪናዋ በላዩ ትገለበጣለች። ክምሩን አሰበች። ገደሉን አሰበች። ክምሩን። ገደሉን። የዶሮዋን ባለቤት ሳቅ።

«አውጫጭኙ ይቁም!» ብላ ጮኸች። «ወፍ የለችም። እኔ ነኝ። ደርቄአለሁ።»

ብረቶቹ ካዘነበሉበት ቀና አሉ።

እስከዚያች ሰዓት ጉልላት ዘንጉን በነካ ቁጥር ክንዶቿን ጨብጣ ትይዝ ነበር። አሁን ለቀቀች። ጉልላት ከመኪናዋ ሥር የረሳውን መፍቻ ሊያነሳ ጎንበስ ብሎ ዘንጉን ተደገፈ። ዘንጉ ከእጁ ውስጥ ተንሸራተተ።

ቋ! መዳፉ ላይ።

«ጋሼ፣ ሞተር ያጥፉ! ውረዱ! ሁላችሁም ውረዱ!»

ፈታት። ቀይ የዝገት ዱቄት መዳፉን ሞላው። ጋሽ ሸዋፈራው ዱቄቱን አየ፣ ቁልቁለቱን አየ፣ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ውይ» አለ ጉልላት፣ እያገላበጣት። «ክረምት ላይ ብናውቅላት በአንድ ጣት ግራሶ ትድን ነበር።»

አዲስ ክሮቼራ ገባች። አሮጌዋን ክምሩ ላይ ጣሏት፤ ዶሮዋም ሰዎቹም ተሳፈሩ። መኪናዋ ቁልቁለቱን ጀመረች። አሮጌዋ ክሮቼራ ክምሩ ላይ ሆና በጆሮዋ ተከተለቻት። የመጀመሪያው ኩርባ፣ ምንም። ሁለተኛው፣ ምንም። ከሦስተኛው ኩርባ ሥር ዘፈን ተሰማ፤ ገበያተኞቹ ናቸው።

የሚያዞራት የለም። የሚመታት የለም። ሆኖም አልተኛችም። «በአንድ ጣት ግራሶ» ትላለች። «በአንድ ጣት!»

ለዚህ ነው የጥንት ብረቶች እንዲህ የሚሉት፦ ድርቀቱን የሸሸገ ጎረቤቱን ያስፈታል፤ በመጨረሻ ራሱም ይፈታል።