ወንዝ ዳር የቆመው የሙሽራ ፈረስ

በእኛ ወገን፣ በአዊ ደጋ፣ ሰው ላይ ላዩን አይቶ ሲዋዋል ካዩት የሚጥሉበት አንዲት አጭር ተረት አለች። ልጁም ሽማግሌውም ይተርታታል፤ ከወዴት እንደመጣች የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። እኔ የሰማኋት ከአማቴ ነው። አማቴ ደግሞ ፈረስ ከሌለው ሰው ጋር ወግ አይጀምሩም ነበርና፣ ነገሩን ከነጋማው ነው ያጫወቱኝ።

ስንሻው የሚባል ጎልማሳ ነበር አሉ። ጉልበተኛ ነው፣ መልከ መልካም ነው፣ አፉም አያርፍም። ከአባቱ ጋር እርሻ ሞክሮ ሰለቸው። ሽመናም ሞክሮ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ መዋል አልሆነለትም። በመጨረሻ «እኔ የተፈጠርኩት ለፈረስ ነው» ብሎ ባልደራስ ቢያድግልኝ ደጅ ሄደ። ባልደራስ ቢያድግልኝ የአገሬውን ፈረስ የሚያክሙ፣ የሚገሩ፣ ለጉግስና ለሰርግ የሚያሰናዱ፣ ወሬ የማይወዱ ሰው ነበሩ።

«ጌታዬ፣ እርስዎን እያገለገልኩ ሙያውን ልማር» አላቸው።

«እስከ መቼ?»

«እስኪበቃኝ።»

«አንተ እስኪበቃህ ሳይሆን እኔ በቃህ እስክልህ ከሆነ ግባ» አሉት። ገባ።

በማግስቱ ስንሻው ኮርቻ ሊሸከም ሲንደረደር ባልደራስ ጫፏ የተቆለመመ አጭር ብረት ሰጡት። የእያንዳንዱን ፈረስ እግር እያነሳ፣ ሰኮናውን ከጭቃና ከጠጠር እየጠረገ፣ አፍንጫውን አስጠግቶ እንዲያሸት አዘዙት።

«ማሽተቱ ደግሞ ለምንድን ነው?»

«ፈረስ እግሬን አመመኝ አይልህም። የበሰበሰ ሰኮና ግን ይሸታል።»

ክረምቱ አለፈ፣ በጋውም ተጋመሰ፤ የስንሻው ሥራ ያው ሰኮና ነው። ጓደኞቹን ባገኘ ቁጥር «ባልደራስ ልሆን ብገባ እኒህ ሰውዬ የፈረስ እግር አጣቢ አደረጉኝ!» እያለ ያማርራል። ጌጥ ላይ ግን እጁ ቶሎ ተፍታታ። ግላሱን፣ የፈረሱን የጌጥ ልብስ፣ ሲያለብስ፣ የልጓም ቃጭል ሲያቀናጅ ያየው ሁሉ ያደንቀዋል፤ እሱም ሲደነቅ ደረቱ ይነፋል።

ጥር ሲገባ ባልደራስ ለእኅታቸው ተዝካር ራቅ ወዳለ አገር ሄዱ። ሲወጡ የተናገሩት «ሰኮናውን አደራ» ብቻ ነበር። ስንሻው በመጀመሪያው ቀን አደራውን ጠበቀ። በማግስቱ ውርጩ ጸና፣ ፈረሶቹም ደህና መሰሉት፤ እግር ሳያነሳ ዋለ። የሚቆጣው ሰው እንደሌለ ሲያውቅ ጊዜ እንደዚያው እያለ ሰነበተ።

በዚህ መካከል ግራዝማች ውብአንተ ከተፍ አሉ። ወንድ ልጃቸውን ሊድሩ ነውና ሙሽራዪቱን የሚያመጣ፣ አገር አይቶት የማያውቅ ፈረስ ይፈልጋሉ።

«ባልደራሱ የት አለ?»

«አለሁ ጌታዬ!» አለ ስንሻው።

«አንተ ነህ? ጠና ያለ ሰው ነበር የመሰለኝ።»

«ሙያ በሽበት አይደለም፣ ጌታዬ።»

ይህን ብሎ ጉራቻውን አወጣላቸው። ጠጉሩ እንደ ሐር የሚያበራ ጥቁር ፈረስ ነው። ቀይ ግላስ አለበሰው፣ በብር የተለበጠ ኮርቻ ጫነበት፣ አንገቱ ላይ ቃጭል አሰረለት። ግራዝማች ዙሪያውን ዞሩት፤ ጌጡን ዳሰሱና ፈገግ አሉ።

«ሙሽራዬን በዚህ ፈረስ በደህና ካስገባህልኝ፣ ከእንግዲህ የቤቴ ባልደራስ አንተ ነህ። ካሳፈርከኝ ግን በዚህ አገር ልጓም እንዳትነካ።»

«ተስማማሁ!» አለ ስንሻው፣ ሰውየው ተናግረው ሳይጨርሱ። ከሁለቱ አንዳቸውም ጎንበስ ብለው ከፈረሱ ጉልበት በታች አላዩም።

የሰርጉ ዕለት ሙሽራዪቱ የውብዳር ዐይነ ርግቧን ተከናንባ ጉራቻው ላይ ተቀመጠች። ስንሻው ልጓሙን ይዞ ከፊት፣ ሙሽራውና ሚዜዎቹ እየጨፈሩ ከጎን፣ ግራዝማችና የሙሽራዪቱ ወንድሞች ተከትለው፣ የሰርጉ ሽማግሌ አለቃ ምንተስኖት በበቅሏቸው ከኋላ ሆነው ጉዞ ተጀመረ። መንገዱ እስኪጋመስ ሁሉም አማረ። ኮረኮንቹ ላይ ሲደርሱ ግን ጉራቻው ራሱን ይወዘውዝ ጀመር። ስንሻው «ቃጭሉ ረብሾት ነው» ብሎ ራሱን አታለለ። ወንዙ ዳር ሲደርሱ ፈረሱ ቀጥ ብሎ ቆመ። ቢጎትቱት እምቢ፣ ቢያባብሉት እምቢ። ዘፈኑ ረገበ፣ ከበሮውም ዝም አለ።

የግራዝማች ፊት ጠቆረ። «ይህ የፈረሱ እምቢታ አይደለም፤ ገዷ ነው! ገደቢስ ሴት ደጄን አትረግጥም። ወደመጣችበት አዙሯት!»

የሙሽራዪቱ ወንድሞች ዱላቸውን ጨበጡ። ሙሽራው አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬቱን ያያል። የየውብዳር ትንፋሽ በዐይነ ርግቡ ውስጥ ሲቆራረጥ ለስንሻው ተሰማው። ዞር ብሎ ፈረሱን አየ። የፊት ቀኝ እግሩን በጫፉ ብቻ አስነክቶ ቆሟል። ያኔ ገባው። ዝም ቢል ነቀፌታው ልጅቱ ላይ ተለጥፎ ዕድሜዋን ሙሉ ይከተላታል። ቢናገር ደግሞ ከዚያ ቀን ወዲያ ፈረስ የሚያስነካው ሰው አይኖርም።

«ጌታዬ፣ ገዷ አይደለም» አለ። «ፈረሱ እግሩን ታሟል። ሳልጠብቀው የቀረሁት እኔ ነኝ።»

ሙሽራዪቱን አስወርዶ ተንበረከከና የፈረሱን እግር አነሳ። አፍንጫውን ማስጠጋት አላስፈለገውም፤ ሽታው ከበሮ መቺው ድረስ ሄደ። ስለታም ጠጠር ሰኮናው ስር ተሰንቅሮ ዙሪያው መግሏል። ጠጠሩን ሲነቅለው ጉራቻው ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያም በረጅሙ ተነፈሰ። ስንሻው ሰው ፊት መሆኑን ረስቶ አለቀሰ።

የውብዳር ዐይነ ርግቧን ገለጥ አደረገች። ጠጠሩን ከእጁ ተቀብላ ለአማቷ ዘረጋችላቸው።

«አባቴ፣ ገዴ ይኸውልዎ። ወንዙ ውስጥ ቢወረውሩልኝ ደስ ይለኛል።»

ሚዜዎቹ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። ግራዝማች ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው። ጠጠሩን አሽቀንጥረው ወንዙ ውስጥ ጣሉትና «በይ ልጄ፣ ይቅር በይኝ» አሉ። አለቃ ምንተስኖት በቅሏቸውን ለሙሽራዪቱ ለቀቁላት፤ ከበሮው እንደገና ተመታ፤ ሰርገኛውም ተሻገረ። ግራዝማች ከማዶ ሆነው ወደ ስንሻው ጮኹ፦ «የእኔ ባልደራስ መሆንህ ቀርቷል! ልጓም መንካትህን ግን ጌታህ ይወስኑ!»

አለቃ የሚቀመጡበት ስላጡ ከስንሻው ጋር፣ አንካሳውን ፈረስ ቀስ ብለው እየሳቡ፣ በእግራቸው ተመለሱ። ባልደራስ ቢያድግልኝ ከተዝካሩ ገብተው ደጃፍ ቆመው ነበር። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡ የፈረሱን እግር አነሱ፤ በሞቀ የጨው ውሃ አጥበው በጨርቅ ጠቀለሉት። ስንሻው የሆነውን ሁሉ አንድም ሳይደብቅ ነገራቸው፣ ነግሮም ሊሄድ ተነሳ።

«ወዴት ነው?» አሉት ባልደራስ። «እስኪድን የምታስታምመው አንተ ነህ። በቃህ አላልኩህም።»

ስንሻው ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ባልደራስ ግን ገና አልበረደላቸውም፤ ወደ ሽማግሌው ዞሩ።

«እሱስ ይሁን፤ ያ ሁሉ ፈረስ አዋቂ ሰርገኛ እያለ እንዴት አንድ ሰው እንኳ ይህን እግር ሳያይ ቀረ?»

አለቃ ምንተስኖት የጋቢያቸውን አቧራ አራገፉና «ምን ይደረግ ባልደራስ፤ ኮርቻ ያየ ሰኮና አላየ!» አሉ።